ቃየን ሲንከራተት እርግማን፣ አብርሃም ሲንከራተት በረከት? (ከጽጌ ዝክር የመጣ ጥያቄ)

ጦሳ ሥር | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ የመጽሐፍ ነው። መነሻው ግን የሰፈር ወሬ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ዛሬ ደሴ እኛ ሰፈር የጽጌ ዝክር ነበር። እንደምታውቁት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት ነው። ሌሊቱን ማኅሌት ተቁሞ፣ ጠዋት ተቀድሶ፣ ከሰዓት ተረኛው ቤት ጠበል ጠዲቅ ልንቀምስ ገባን። ዲያቆኑ ስደቱን ተረከልን። የሄሮድስን ቁጣ፣ የሌሊቱን ጉዞ፣ የግብፅን አሸዋ፣ ጥሙን። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤቴ እንባውን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ አየሁት። የእውነት እንባ ነው። ሰውዬው አስመሳይ አይደለም።

ከዚያ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ፣ ጨዋታው ወደ ቤት ኪራይ ሄደ። ይኸው ጎረቤቴ «መጤው በዝቶ እኮ ነው ኪራዩ እንዲህ የናረው» አለ።

እዚያው ጥግ ላይ እኛ ግቢ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው ሴትዮ ተቀምጣ ነበር። አባቷ በ1977 ድርቅ ጊዜ ከወረኢሉ በኩል በሰፈራ ወደ ወለጋ የሄዱ ናቸው። እሷ እዚያው ተወለደች፣ አገባች፣ ወለደች። ከጥቂት ዓመት በፊት ተፈናቅላ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። እዚያ «የወሎ ሰፋሪ» ነበረች። እዚህ «የወለጋ ተፈናቃይ» ሆነች። አባቷ «አገራችን» እያሉ ያሳደጓትን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው መጠለያ ውስጥ ሆና ነው። «መጤ» ሲባል አንገቷን ደፋች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ትንፍሽ አላልኩም። የከነከነኝ ይሄ ነው።

ማታ ኦሪት ዘፍጥረትን ገለጥኩ። ምዕራፍ 4 ላይ ቃየን «በምድር ላይ ኮብላይና ተቅበዝባዥ ትሆናለህ» ይባላል። ምዕራፍ 12 ላይ አብራም ከአገርህ፣ ከዘመዶችህ፣ ከአባትህ ቤት ተለይተህ ውጣ ይባላል። ያም ቤት የለው፣ ይሄም ቤት የለው። ታዲያ ያኛው እንዴት እርግማን፣ ይሄኛው እንዴት በረከት ሆነ? የእኛዋ ሴትዮስ ከየትኛው ወገን ናት? «ሰው በኃጢአቱ ነው የሚሰደደው» የሚሉ ስላሉ ነው የምጠይቀው።

ዲያቆን ዘሐይቅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ ጦሳ፣ ዝም ማለትህ ከከነከነህ ጥሩ ነው።

የቃየንን ነገር ከሥሩ እንየው። ቃየን ገበሬ ነበር። ቅጣቱም በሙያው በኩል ነው የመጣበት። የወንድሙን ደም የጠጣችው መሬት ብታርሰኝም አልሰጥህም አለችው። መሬት እምቢ ያለችው ገበሬ የት ይቀመጣል? መንከራተቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ይህን ለወሎ ሰው ማብራራት አያስፈልግም።

ዕብራይስጡ «ናዕ ቫናድ» ይላል። ሁለት ቃል ነው፤ አማርኛችን «ኮብላይና ተቅበዝባዥ» ብሎ ሁለቱንም ይዟቸዋል። ቀጥሎ ቃየን ሄዶ በኖድ ምድር ተቀመጠ ይላል። ኖድ ማለት ያው መንከራተት ነው። በመንከራተት አገር ተቀመጠ እንደማለት፤ ቀልድ ይመስላል። የአይሁድ ሊቃውንት ግን በታልሙድ አንድ ነገር አወጡበት። ሲፈረድበት ሁለት ቃል ነበር፣ ሲቀመጥ የቀረው አንዱ ብቻ ነው። እንግዲያው ስደት የኃጢአትን ግማሽ ያስተሰርያል አሉ።

ሌላም አለ። ሰው «የቃየን ምልክት» ሲል የውርደት ማኅተም ይመስለዋል። መጽሐፉ የሚለው ሌላ ነው። ምልክቱ የተደረገለት ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ነው። ወንድሙን የገደለው፣ የተረገመው ተንከራታች እንኳ ለመንገደኛ ዱላ አልተሰጠም። ቤት የሌለውን ሰው መግፋት የሚያምራቸው ሰዎች ይህችን ቁጥር ዘለው ነው የሚያነቡት።

ደግሞ ቃየን ተንከራቶ አልቀረም። በመጽሐፍ የመጀመሪያውን ከተማ የሠራው እሱ ነው፤ በልጁ በሄኖክ ስም ጠራው። ቅዱስ አውግስጢኖስ ይህን ይዞ ቃየን ከተማ ሠራ፣ አቤል ግን እንደ እንግዳ ስለሆነ አልሠራም ብሏል። ስለዚህ «ባለ ቤት የተባረከ፣ ከርታታ የተረገመ» የሚል ሒሳብ ገና በአራተኛው ምዕራፍ ላይ ፈርሷል።

የአብርሃም ደግሞ የባሰ ነው። ርስት ትወርሳለህ ተባለ። ዕድሜውን ሁሉ በድንኳን ኖረ። በእጁ የገባችው መሬት ሣራ ስትሞት የገዛት የመቃብር ዋሻ ናት፣ በ400 ሰቅል ብር። ለዚያችም ሲለምን «እኔ በእናንተ ዘንድ ስደተኛና መጻተኛ ነኝ» እያለ ነው።

«በኃጢአቱ ነው የሚሰደደው» ለሚሉህ ዘፍጥረት 12 ቁጥር 10ን አንብብላቸው። አብርሃም ገና ከመጠራቱ በምድር ራብ ሆነና ወደ ግብፅ ወረደ። ይስሐቅን ራብ አነሣው። ያዕቆብን ራብ አወረደው። ኑኃሚን ከቤተ ልሔም የወጣችው በራብ ነው። አንዳቸውንም መጽሐፉ በድለህ ነው የተራብከው አላላቸውም። የሴትዮዋን አባት የ1977ቱን ጉዞ ከፈለግኸው እዚያ ተጽፏል።

ቦርከና | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡31

ዲያቆን ትምህርቱ ቆንጆ ነው። ግን እውነት እንነጋገር። ሰው ሲበዛ ኪራይ አይጨምርም እንዴ? ሰውዬው የገበያ ነገር ነው የተናገረው። እሱን ሄሮድስ ማድረግ ይከብዳል።

ጦሳ ሥር | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡40

ኧረ ሄሮድስ አላልኩም። ኪራይ የሚጨምረው አከራይ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አልጠራውም። እኔን የያዘኝ ቃሉ ነው። «መጤ»።

ፊደል ገበታ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ቃል ከተነሣ ዝም ማለት አልችልም፤ ልጆቼም በዚህ ይስቁብኛል።

«መጤ» ከ«መጣ» ነው። ዲያቆን የጠቀሰው «መጻተኛ»ም ከግዕዙ «መጽአ» ነው፤ ያው «መጣ» ማለት። አንድ ሥር ነው። እሑድ ጠዋት በክብር እናነበዋለን፣ እሑድ ከሰዓት እንሰድብበታለን። ፊደሉ ብቻ ትንሽ አጥሯል።

«እንግዳ»ም እንደዚሁ ነው። «መንገድ»፣ «ነጋዴ»፣ «እንግዳ» ወንድማማቾች ናቸው። እንግዳ ማለት የመንገድ ሰው ነው። በግዕዝ ደግሞ «ፈላሲ» አለ። የፈለሰ፣ አገሩን የለቀቀ ማለት ነው። መነኩሴም ፈላሲ ይባላል። አንዱ ቃል ለተባረረውም፣ ዓለምን ንቆ ለወጣውም ይሆናል። ቋንቋው ራሱ የጦሳን ጥያቄ ሲጠይቅ የኖረ ይመስለኛል።

የሐጂ ልጅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡02

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ነኝ። የእናቴ እናት ክርስቲያን ነበረች፤ እንደ ብዙው ወሎዬ ከሁለቱም ቤት ነው ያደግኩት። ስለዚህ ልግባ።

ሐጀራን ለምን ረሳችኋት? እናንተ አጋር የምትሏት። ሕፃን አዝላ፣ ውኃዋ አልቆ፣ በበረሃ የተንከራተተችው እሷ ናት። በእኛ ዘንድ በሰፋና በመርዋ መካከል ውኃ ፍለጋ 7 ጊዜ ተመላልሳለች። ሐጅም ዑምራም የሄደ ሁሉ ያንን መንገድ 7 ጊዜ ይመላለሳል። ንጉሥም ይሁን ባለ ሚሊየን፣ የአንዲት ቤት የሌላት ሴት ዱካ ይረግጣል። አያቴ ሐጅ ደርሰው ሲመለሱ ያወሩን የካዕባን ትልቅነት አልነበረም። «የእሷን ጭንቅ በእግሬ አየሁት» ነበር ያሉን።

ስለ ቃልም ካነሣችሁ፣ በዐረብኛ «ጃር» ጎረቤት ነው።

ፊደል ገበታ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

እህቴ፣ ምን እንደነካሽ ታውቂያለሽ? በኦሪት «መጻተኛ» እየተባለ የሚተረጎመው ዕብራይስጥ «ጌር» ነው። በግዕዝ «ጎር» ጎረቤት ነው፤ «ጎረቤት» የምንለውም ከእሱ ነው። ጌር፣ ጃር፣ ጎር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። አንዱ ቋንቋ ውስጥ ከሩቅ የመጣ፣ ሁለቱ ውስጥ አጠገብህ ያለ። ትናንት የተሰደበችው ሴት በሥርወ ቃሉም ጎረቤት ናት። ዛሬ ክፍል ገብቼ ይህን ነው የማስተምረው፤ ትምህርቱ ሌላ ቢሆንም።

ዲያቆን ዘሐይቅ | ሰኞ፣ ቀትር

ለየሐጂ ልጅ፦ አልረሳናትም፣ ቸኩዬ ነው። በእኛም መጽሐፍ አጋር በቤርሳቤህ ምድረ በዳ «ተቅበዘበዘች» ይላል። ለቃየን የዋለው አማርኛ ነው። ኃጢአቷ ግን የት አለ? ባሪያ መሆኗ ነው ያስባረራት። ከዚያ በፊት በሸሸች ጊዜም መልአኩ ከውኃ ምንጭ አጠገብ አግኝቷታል። በመጽሐፍ ለእግዚአብሔር ስም ስታወጣ የምናገኛት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት፤ «ኤልሮኢ»፣ የሚያየኝ አምላክ። አብርሃም እንኳ በዚያን ጊዜ ስም አላወጣለትም።

የዋድላው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

እኔ ሊቅ አይደለሁም። በልጅነቴ ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። አሁን ሹፌር ነኝ። ያም መንከራተት ነው፣ ግን ጎማ አለው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ከቤት ጠፍቼ ቅኔ ፍለጋ ዋድላ ወረድኩ። ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ ይዤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ከደጅ ደጅ ለመንኩ። የውሻ ጥርስ ምልክት እስከ ዛሬ ባቴ ላይ አለ። አባቴ አርሶ የሚያበላኝ ሰው ነበሩ፤ ቸግሮኝ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በአገሩ ሆኖ የተማረ ተማሪ የለም። እናቱ ጓዳ አጠገብ የተቀመጠ ልጅ ትምህርት አይገባውም ይባላል። ይህን ወግ ያመጣው ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን በኋላ ዕብራውያን 11 ላይ ነቢያቱ የበግና የፍየል ሌጦ ለብሰው እንደዞሩ ሳነብ «ደበሎ!» ብዬ ጮህኩ። የእኛው ልብስ ነው።

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከዳውንት በላይ ብርድ ላይ መሸብኝ። አንድ ጎጆ ደጅ ቆሜ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» አልኩ። ከውስጥ አንዲት አሮጊት «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» አሉ። ሁላችሁም የሰማችሁት ቃል ነው። እኔም ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ካደግኩ በኋላ ዘሌዋውያን 25 ቁጥር 23 ላይ ደረስኩ። እግዚአብሔር ለእስራኤል ምድሪቱ የእኔ ናትና ለዘላለም አትሸጥ ይላል። ቀጥሎ ምክንያቱን ይናገራል፤ እናንተ በእኔ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች ናችሁ ይላል። ልብ በሉ፣ ይህ የተነገረው ለተሰደደ ሰው አይደለም። ርስት ለሚካፈል ሰው ነው። ባለመሬቱን ነው እንግዳ ያለው።

አሮጊቷ መጽሐፍ አላነበቡም። ግን ያሉኝ ይህንን ነው። ቤቱ የእሳቸው አይደለም፤ እሳቸው ቀድመው የገቡ እንግዳ ናቸው፣ እኔ ዘግይቼ የገባሁ። ሽሮ አብልተውኝ መደቡን ለቀቁልኝ።

በነገራችን ላይ ይህን የሚበሉበት አጭበርባሪዎችም አሉ። ስንቱ ባሕታዊ ነኝ ባይ ሳምንት ተቀምጦ ዶሮ አሳርዶ ሄዷል። ጥንትም ነበረ። የሐዋርያት ትምህርት የሚባለው ዲዳኬ የተሰኘ ጥንታዊ ጽሑፍ የሚዞር ሐዋርያ አንድ ቀን ይቀመጥ፣ ግድ ከሆነ ሁለት፣ ሦስት ቀን ከተቀመጠ ሐሰተኛ ነቢይ ነው ይላል። ያኔም ዶሮ ያለቀበት ሰው ነው የጻፈው እላለሁ።

ጉድ ፈላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡44

ኢየሱስን መስቀል ተሸክሞ ሲሄድ እንዳያርፍ የከለከለ አይሁዳዊ እስከ ዓለም ፍጻሜ ሳይሞት ይንከራተታል ሲባል ሰምቻለሁ። አይሁድ የተበተኑት በዚያ ነው ይላሉ። እንደ ላሊበሎቻችን ነገር። እነሱም ሌሊት እየዞሩ የሚያዜሙት ካቆምን ለምጥ ይወጣብናል ብለው ነው አይደል?

ዲያቆን ዘሐይቅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ይህ በየትኛውም ወንጌል የለም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተወራ አፈ ታሪክ ነው። በ1602 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጀርመንኛ በታተመች ትንሽ መጽሐፍ ተስፋፋ። ከዚያም አይሁድን መጥሊያ ሆነ። ተንከራታቹን አየህና ለመንከራተቱ ኃጢአት ፈለሰፍክለት ማለት ነው። ጦሳ ከጠየቀው ጥያቄ የከፋው መልስ ይሄ ነው።

የላሊበሎቹም ቢሆን ስለ ለምጡ የሚወራው ሰው የሰጣቸው ምክንያት ነው። ጎህ ሳይቀድ ደጃችን ላይ ስማችንን ጠርተው አመስግነውን ይሄዳሉ። እኛ ደግሞ ተኝተን ሰበብ እናወጣላቸዋለን።

የመጻተኛነት ነገር በወንጌል ከተፈለገ ማቴዎስ 8 ቁጥር 20 ነው፦ ለቀበሮዎች ጉድጓድ፣ ለሰማይ ወፎች መሳፈሪያ አላቸው፣ ለሰው ልጅ ግን ራሱን የሚያስጠጋበት የለውም። ምዕራፍ 25 ላይ ደግሞ እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል ይላል። እንግዳው እሱ ራሱ ሆነ።

ሰፋሪ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ሌሊቱን ሁሉ አነበብኳችሁ። ስሜ እንደምታዩት ነው፤ ከጦሳ ተከራይ ጋር የአንድ አገር ሰው ነኝ ልበል። አሁን ሐይቅ አካባቢ መጠለያ ነው ያለሁት።

ጥሩ ሰዎች ናችሁ። ግን ነገሩን አጣፈጣችሁት። ቆሎ ተማሪው ቤት ነበረው፤ አባቱ አርሶ ይጠብቀው ነበር። መነኩሴው ወዶ ነው የፈለሰ። አብርሃም ከብትና ሎሌ ነበረው። እኔ ሸራ ሥር ነኝ። ዝናብ ሲመጣ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው የማድር። አንድ ሰባኪ መጥቶ «ሁላችንም በዚህ ዓለም እንግዶች ነን፣ የሚኖር ከተማ የለንም» ብሎን ሄደ። በመኪና መጣ፣ በመኪና ሄደ። አልተናደድኩም፣ ግን አሜን ማለት አቃተኝ።

መጽሐፉ ራሱ እንዲህ አያጣፍጥም። ሰቆቃወ ኤርምያስ 5ን አንብቡ። ርስታችን ለእንግዶች፣ ቤቶቻችን ለሌሎች ሆኑ ብሎ ነው የሚያለቅስ። ውኃችንን በብር ጠጣን ይላል። ይህን የጻፈ ሰው ጀሪካን ይዞ ወረፋ የቆመ ነው።

ደግሞ ኤርምያስ 29 አለ። ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የላከው ደብዳቤ። ስደት ያነጻችኋልና በድንኳን ሆናችሁ ጠብቁ አላላቸውም። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ሚስት አግቡ፣ ለከተማይቱም ሰላም ጸልዩ አላቸው። እግዚአብሔር ለተሰደደ ሰው የሚመኝለት ቤት ነው። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ቆርቆሮ።

የዋድላው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ወንድም ዓለም፣ ልክ ነህ። እኔ ስመለስ የሚጠብቀኝ ቤት ነበረ። ያንን ሳልቆጥር ነው የጻፍኩት።

የሐጂ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00

አብሽር ወንድሜ። ሌላ ቃል አጣሁልህ።

ከናታንያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ሰላም። እኔ ከጎንደር ገጠር የወጣሁ ቤተ እስራኤል ነኝ። የምኖረው እስራኤል ነው። አገር ቤት ሳለን «ፈላሻ» ይሉን ነበር። ፊደል ገበታ «ፈለሰ»ን ሲያነሣ ጆሮዬ ቆመ። ስድብ ሆኖ ነው ያደግነው፤ እኛ ራሳችንን ቤተ እስራኤል ነው የምንል። እዚህ ስንመጣ ደግሞ «ኢትዮጵያውያኑ» ሆንን። ስለዚህ ሴትዮዋን አውቃታለሁ።

በ1977 በሱዳን በኩል ነው የወጣነው። ሕፃን ነበርኩ። በእግር ተጉዘን፣ መጠለያ ውስጥ ቆይተን። ብዙ ሰው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ከእኛም ቤት ቀርቷል። የእናንተ ሰዎች ወደ ወለጋ ሲጫኑ እኛ ወደ ሱዳን ስንሄድ ያው ዓመት መሆኑን ዛሬ ነው ያስተዋልኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘዳግም 26 ላይ አንድ ሰው በኩራቱን በቅርጫት ይዞ ወደ ካህኑ ሲቀርብ የሚናገረው ቃል አለ። በዕብራይስጥ «አራሚ ኦቬድ አቪ» ይጀምራል። ብዙዎች «አባቴ ተንከራታች ሶርያዊ ነበረ» ይሉታል። የጠፋ፣ ለመጥፋት የቀረበ ማለትም ይሆናል። በፋሲካ ሌሊት የሚነበበው ሀጋዳ ደግሞ ሶርያዊው ላባ አባቴን ሊያጠፋ ፈለገ ብሎ ይፈታዋል። እኛ አገር ሀጋዳ አልነበረንም፤ ይህን እዚህ ነው የተማርኩት።

ግን ትርጓሜው ይቆይ። ጊዜውን ተመልከቱ። ይህን ቃል የሚናገረው የተሰደደ ሰው አይደለም። ቤት አለው፣ እርሻ አለው፣ ቅርጫቱ ሞልቷል። የሰፋሪን ነገር ሳነብ ይህ መጣብኝ። ሸራ ሥር ያለውን ሰው «አንተ እንግዳ ነህ» በል የሚል ትእዛዝ የለም። እሱ ያውቀዋል። እህሉን የሰበሰበው ነው «አባቴ ተንከራታች ነበረ» ብሎ ጮክ ብሎ እንዲናገር የታዘዘው። ለዚያውም በየዓመቱ፤ ይረሳላ።

የዳስ በዓላችንም እንዲሁ ነው። መከር ገብቶ፣ ጎተራ ሞልቶ፣ ከቤትህ ውጣና 7 ቀን ዳስ ውስጥ ተቀመጥ ይላል። ልጆቼ አፓርታማ ውስጥ ያደጉ ናቸው። በረንዳ ላይ ዳስ ስንሠራ ይስቃሉ። በሦስተኛው ቀን ጀርባቸውን ሲያማቸው ሳቁ ይቀንሳል።

ፊደል ገበታ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ስለ ዳስ ካነሣህ አይቀር አንድ ቃል ብቻ። ዮሐንስ 1 ቁጥር 14 ላይ ቃል ሥጋ ሆነ ካለ በኋላ ግሪኩ ድንኳኑን በመካከላችን ተከለ የሚል ዓይነት ግሥ ነው። የእኛው «አደረ» አለ። እንግዳ የሚያደርገውን ነው ያለው። የመሸበት ሰው የሚያደርገውን። አበቃሁ።

ቦርከና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡12

እሺ። የናታንያው ሰውዬ እንቅልፍ ነሣኝ።

ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ በእግር፣ በጭነት መኪና፣ እንደገና በእግር ሄደን ደብረ ብርሃን ደረስን። 11 ነበርን። እናቴ በቃሬዛ ማለት ይቻላል። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት የማናውቃት ሴት በሯን ከፍታ አስገባችን። ከአንድ ወር በላይ ተቀመጥን። ኪራይ አልጠየቀችንም። ስንወጣ ሽንኩርትና በርበሬ ቋጥራ ሰጠችን። እናቴ እስክትሞት ድረስ በየጸሎቷ ትጠራት ነበር።

ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። አልረሳሁትም። ግን አላወራውም። ሰው ፊት የተጠጋ ሰው ሆኖ መታየት አይመችም። የጦሳ ጎረቤትም ያን ጊዜ የሆነ ቦታ ተጠግቶ ነበር፤ ደሴ ውስጥ ያልተጠጋ ማን አለ? ይኸው አወራሁት።

ዲያቆን ዘሐይቅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ቦርከና፣ ቅርጫትህን አቀረብክ።

ጦሳ ሥር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡05

ከእሑድ ወዲህ ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ጥያቄውን ለእናንተ ጠይቄ ለሴትዮዋ ሳልጠይቅ መቅረቴ አሳፈረኝ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ በሯ ላይ ጎመን ስትቀነጥስ አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ እሑዱ ይቅርታ አልኳት። ከዚያ የጻፋችሁትን እየተረጎምኩ ነገርኳት። ቃየንን፣ አጋርን፣ የአሮጊቷን ጎጆ። የሰፋሪን ስነግራት «እውነቱን ነው» አለች። የደብረ ብርሃኗን ስነግራት ደግሞ ቀና ብላ «ጎሽ» አለች።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ። «ጋሼ፣ እኔን እኮ የከበደኝ እንግዳ መሆኑ አይደለም። እንግዳ መቀበል ማቃቴ ነው። ወለጋ ሳለሁ ጽጌ ሲሆን ጎረቤቱ ሁሉ፣ የአገሩም ሰው፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም እኔ ቤት ነበር ቡና የሚጠጣ። እዚህ ሁለት ዓመት ተጠራሁ፤ አንድም ሰው አልጠራሁም።»

ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ጎመኗን ቀጠለች።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። የፊታችን እሑድ የዝክሩ ተረኛ እኛ ነበርን። እናቴ ትንሽ ዝም ብላ «ተራውን ለሷ እንልቀቅላት» አለች። ቤቷ ትጠባለች፣ ግቢው ግን ይበቃል። ያንን ጎረቤቴንም ሴትዮዋ ራሷ ሄዳ ጠርታዋለች። እሺ ብሏል። ዱቄቱንና ጌሾውን እኛ እንችላለን። የጎደለው ረከቦትና ሲኒ ነው፤ የራሷ እዚያው ቀርቷል። የእናቴን ልስጥሽ ብላት «የአከራይ ረከቦት አልፈልግም» ብላ ሳቀች። ገባኝ።

የሐጂ ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20

የአያቴ ረከቦት ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። 12 ሲኒ ነው፣ አንዱ ከንፈሩ ተሸርፏል። ለሷ ነው፤ እንዲመለስ አልፈልግም። ቅዳሜ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው አለ?

የዋድላው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡26

እኔ አለሁ። ከሰዓት 9 ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ ጠብቂኝ። በጨርቅ ጠቅልይው፣ መንገዱ ያንገጫግጫል።